ሱቅ ስለሆኑት የፒያሳ አሮጌ ፎቅ ቤቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዲስ አበባ ፒያሳ የድሮ ቤቶች በተረፉት ውስጥ ምድር ቤቱ ሱቅ ያልሆነ ማግኘት ይከብዳል። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹን የሚጎዳቸው ለእድሳት ተብሎ የሚወጣው ገንዘብ ራሱ መሆኑ ነው።

«ጣሊያን የሠራቸው ናቸው።» ሰዉን የሚያሳስተው ስሙ ነው። «ፒያሳ» የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያን ጋር ነው፤ የሰፈሩ የቀድሞ ስም አራዳ ሲሆን፣ ከ1928ቱ ወረራ በፊትም የከተማዋ ዋና ገበያ ነበር። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ የጭቃ ፎቅ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ አናቱ ቆርቆሮ፤ ይህን አሠራር የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጺ ጋር ቀድመው አዳብረውታል። አንዳንዶቹማ ነጋዴው ምድር ላይ እየሸጠ ፎቅ ላይ እንዲኖር ታስበው የተሠሩ ናቸው።

«ጭቃ ደካማ ነው፣ ሲሚንቶ ቢለሰን ይጠነክራል።» ብዙ ቤት የጠፋው በዚህ ነው። የጭቃ ግድግዳ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ ይተፋዋል። የሲሚንቶ ልስን ግን በስንጥቅ የገባውን ውሃ አፍኖ ያስቀረዋል። ውሃው መጀመሪያ የቋሚውን እግር፣ ቀጥሎ ማገሩን ያበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግድግዳው ከውጭ አዲስ ይመስላል። በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ለቋል። መፍትሔው ሲሚንቶውን በመሮ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ የበሰበሰውን እንጨት መቀየር፣ ከዚያም በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት በሰነበተ ጭቃ መምረግ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ይሰነጠቃል። ማጠናቀቂያው የኖራ ልስን ነው፦ 1 እጅ ኖራ፣ 3 እጅ የተነፋ አሸዋ፣ ውፍረቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ።

«ግድግዳው መከለያ ብቻ ስለሆነ ለቪትሪን (ለሱቅ መስታወት ማሳያ) ቢቆረጥ ምንም አይደል።» ፎቁንና ጣሪያውን የተሸከሙት ጭቃው ውስጥ የተሸሸጉት ቋሚዎች ናቸው። ሦስቱ ሲቆረጡ ጭነቱ አጠገባቸው ባሉት ላይ ይወድቃል። ከቪትሪኑ ማዕዘን ሽቅብ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ እና ፎቅ ላይ አልዘጋ ያለ በር ምልክቶቹ ናቸው። የድንጋይ ግድግዳ ለመክፈትም ቅደም ተከተል አለው፦ በመጀመሪያ የፎቁን ወለል ከሥር በድጋፍ ማስያዝ፣ ለሊንተሉ (ከክፍተቱ በላይ ያለውን ጭነት ለሚሸከመው አግዳሚ) የሚበቃ ቦታ ብቻ መብሳት፣ ሊንተሉን በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ግንቡ ላይ ማሳረፍ፣ በመጨረሻ ከሥሩ መክፈት። የሊንተሉን መጠን መሐንዲስ ያስላው።

«ሰው የኖረበት ፎቅ ዕቃም ይችላል።» ዛሬ እንኳ የመኖሪያ ክፍል የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል እንዲሸከም ነው። ከአሮጌ ጣውላ ከዚህ በላይ መጠበቅ አይገባም። ጆንያ በጆንያ ላይ ከተደረደረ ደግሞ ልኩ በቶሎ ይታለፋል።

«መሠረቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የአይጥ መግቢያ ናቸው።» ከጣውላው ወለል ሥር አየር እንዲዘዋወር ሆን ተብሎ የተተዉ ናቸው። በሲሚንቶ ሲደፈኑ ወይም ሳጥን ሲደገፍባቸው ወለሉ ከሥር ይሻግታል። አይጥ ካስቸገረ ቀዳዳው ላይ ወንፊት ሽቦ መምታት ይበቃል።