የሱዳን ሰሜንና ደቡብ፦ ሁለት ጦርነትና የተቀደደ ስምምነት

ብዙ ሰው የሱዳንን የእርስ በርስ ጦርነት "የሙስሊምና የክርስቲያን ጠብ" ብሎ ያልፈዋል። ሃይማኖት አለበት፣ አይካድም። ግን የበለጠ ያፋጀው ካርቱም ቃል እየገባች ማጠፏ ነው ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች ሱዳንን ከግብፅ ጋር ለስሙ ተጋርተው ሲገዙ ሰሜኑንና ደቡቡን ለየብቻ ነበር የያዙት። ሰሜኑ ዓረብኛና እስልምና፣ ደቡቡ እንግሊዝኛና ሚሲዮን፤ የሰሜን ነጋዴ እንኳ ያለ ፈቃድ ወደ ደቡብ አይገባም ነበር። ከዚያ ድንገት አንድ አገር ናችሁ ተባሉ። እንግሊዞቹ የለቀቁት ወንበር ከሞላ ጎደል ለሰሜኖች ሄደ። የደቡብ ወታደሮች ቶሪት በምትባል የደቡብ ከተማ ያመፁት በኦገስት 1955 ነው፣ ሱዳን ነጻ የወጣችው ደግሞ በጃንዋሪ 1956። ማለትም ባንዲራው ሳይሰቀል ደም ፈሷል።

የመጀመሪያው ጦርነት 17 ዓመት ገደማ ፈጀ። የደቡቡ ሽምቅ ተዋጊ አንያንያ ይባላል፣ በኋላ ጆሴፍ ላጉ አንድ አደረገው። እርቁ የወረደው እኛው ዘንድ፣ አዲስ አበባ ላይ በ1972 ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሽምግልናው እጃቸው ነበረበት። ደቡቡ የራሱን ምክር ቤትና አስተዳደር አገኘ፣ ተዋጊዎቹም ወደ አገሪቱ ጦር ገቡ።

ስምምነቱን ያፈረሰው ራሱ ያጸደቀው ሰው ነው፤ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ። በ1978 ደቡብ ውስጥ ቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ሲገኝ ካርቱም ማጣሪያውን ሰሜን ላይ ልትከል አለች። በዚያው ዓመት የነጭ አባይን ውሃ ከረግረጉ አሻግሮ ወደ ሰሜን የሚያፈሰው የጆንግሌ ቦይ መቆፈር ጀመረ። የደቡብ ሰው ነዳጃችንም ውሃችንም ሊሄድ ነው ቢል ምን ይፈረድበታል? በ1983 ኒሜሪ ደቡቡን ለሦስት ከፈለው፣ ሸሪዓንም በመላ አገሪቱ አወጀ።

በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በደቡቧ ከተማ ቦር ያለው የጦር ክፍል አመፀ። በሱዳን ጦር ውስጥ የነበረው የደቡቡ ሰው ኮሎኔል ጆን ጋራንግ አረጋጋ ተብሎ ወደዚያ ሄደ፤ እሱ ግን ነገሩን ቀድሞ ያውቅ ነበርና ከአማፂዎቹ ጋር ሆኖ ኢትዮጵያ ገባ። የሚገርመው፣ ጋራንግ አሜሪካ ዶክትሬቱን የሠራው በዚሁ በጆንግሌ ፕሮጀክት አካባቢ ልማት ላይ ነው። በ1984 ቁፋሮውን ያስቆመው ደግሞ የእሱ ጦር። ከ360 ኪሎ ሜትሩ 260 ገደማው ተቆፍሮ ነበር፤ ግዙፉ የቁፋሮ ማሽን ዛሬም እዚያው ዝጎ ቆሟል።

ደርግ ለጋራንግ ጦር፣ ኤስፒኤልኤ፣ ማሠልጠኛም መሣሪያም ሬዲዮም ሰጠው። ካርቱም በበኩሏ ሻዕቢያንና ወያኔን ታስጠጋ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ የሚባለው ካምፕ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ ይዞ ነበር። ደርግ በ1991 ሲወድቅ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደመጣበት ሸሸ፤ እዚያው ጋምቤላ ካለው ፒኙዶ ካምፕ ከሸሹትም ጊሎ ወንዝን ሲሻገሩ ብዙ ልጆች አለቁ። በዚያው ዓመት የኤስፒኤልኤው አዛዥ ሪያክ ማቻር ከጋራንግ ተገነጠለና ደቡቡ እርስ በርሱ ተፋጀ። ከሰሜን ጦር ይልቅ እርስ በርስ የተገዳደሉባቸው ጊዜያትም ነበሩ።

ሁለተኛው ጦርነት በጃንዋሪ 2005 ናይሮቢ ላይ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። በረሃብና በበሽታ ያለቀው ተጨምሮ ሟቹ ወደ 2 ሚሊዮን ይገመታል። ጋራንግ የሚፈልገው የታደሰች አንድ ሱዳን ነበር እንጂ መገንጠል አልነበረም፤ ግን ከስምምነቱ ስድስት ወር አለፍ ብሎ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። በ2011 ሕዝበ ውሳኔ 98.83 በመቶው መገንጠልን መረጠ፣ በጁላይ ደቡብ ሱዳን ተመሠረተች።

ነዳጁ በአብዛኛው ደቡብ ቀረ፣ ቧንቧው ግን በሰሜን አልፎ ፖርት ሱዳን ነው የሚወጣው። ሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ያለችውን አብዬን ማን ይውሰድ የሚለውም አልተፈታም፤ ለአሥር ዓመት ገደማ መሐል ገብተው የጠበቁት በብዛት ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች ነበሩ።