የአርኬድ ሳጥን መብራት፦ ጀማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች እና እውነታው

የአርኬድ ሳጥን ማለት ስክሪን፣ ጆይስቲክና ትልልቅ ቁልፎች ያሉት፣ በቁም የሚጫወቱበት የእንጨት ሳጥን ነው። ድሮ አናቱ ላይ ያለውን የስም ሰሌዳ የሚያበራው ፍሎረሰንት ነበር። ዛሬ ሳጥኑን በቤቱ የሚሠራ ሰው ኤልኢዲ ይመርጣል። እኔም መረጥኩ፤ የመጀመሪያዋን ቀይ መብራት ለማቃጠል ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ አልፈጀብኝም።

«ኤልኢዲ ትንሽ አምፖል ነው፣ ባትሪ ላይ ማገናኘት ይበቃል።»

የእኔ ስሕተት ይህ ነበር። የተለመደው አምፖል ሲግል ራሱ ኤሌክትሪኩን ይገታል፤ ኤልኢዲ ግን ቮልቱ በትንሹ ከፍ ካለ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ በብዙ ይጨምራል። ስለዚህ የሚገታለት ሬዚስተር ያስፈልገዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ ምንጩ 5 ቮልት ከሆነ 3 ቮልት ይተርፋል። የተረፈውን ኤልኢዲው ለሚፈልገው ኤሌክትሪክ፣ ለ20 ሚሊ አምፒር ማለትም ለ0.02 አምፒር ስናካፍል 150 ኦም (የሬዚስተር መለኪያ) እናገኛለን። በ12 ቮልት ከሆነ 10 ሲካፈል ለ0.02፣ 500 ኦም ይመጣል፤ 560 ቢደረግበትም መብራቱ በጥቂቱ ይደበዝዝ እንደሆነ እንጂ አይጎዳም። ለሁሉም መብራት አንድ ሬዚስተር ማጋራት አያዋጣም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ይሁን። መብራት ያላቸው ቁልፎች ብዙውን ጊዜ ሬዚስተሩን በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ለ5 ወይስ ለ12 ቮልት እንደተሠሩ ጠይቁ፤ የ5ቱን 12 ላይ የሰካ ሰው እንደ እኔ ያዝናል።

«ቁልፉ ሲጫን መብራቱና ጨዋታው በአንድ ሽቦ ይሠራሉ።»

አይሠሩም። የመብራቱ ሁለት እግሮች ከመጫኛው እግሮች የተለዩ ናቸው። የመጫኛው ሽቦዎች ወደ ጨዋታው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይሄዳሉ፤ ተሳስቶ 12 ቮልት በእነሱ ከገባ ሰሌዳው ሊበላሽ ይችላል። ለመብራቱ ሌላ ቀለም ያለው ሽቦ ተጠቀሙ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠ ደግሞ አይበራም።

«ሁሉንም ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ አበራለሁ።»

ለቁልፎቹ ይሆናል፤ 12 ቁልፍ በ20 ሚሊ አምፒር ሲባዛ 240 ነው፣ የዩኤስቢ 2.0 መስመር ደግሞ እስከ 500 ይሰጣል። ጎን ላይ የሚለጠፈው፣ እያንዳንዱ መብራት ለብቻው ቀለም የሚቀይርበት የ5 ቮልት ስትሪፕ (የመብራት ጥብጣብ) ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ መብራት ሙሉ ነጭ ሲሆን እስከ 60 ሚሊ አምፒር ይወስዳል፤ 60 መብራት ያለው አንድ ሜትር 3.6 አምፒር ይጠይቃል። የ5 ቮልት፣ 5 አምፒር ፓወር ሰፕላይ ለብቻው አድርጉለት። የእሱንና ለስትሪፑ የቀለም ትእዛዝ የሚልከውን መቆጣጠሪያ ኔጌቲቭ ማገናኘት አትርሱ፤ ካልተገናኙ ስትሪፑ ትእዛዙን በትክክል አያነብም፣ በዘፈቀደ ብልጭ ድርግም ይላል። ስትሪፑ ላይ የታተመው ቀስትም ትእዛዙ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል።

«አምፒሩ የበዛ ፓወር ሰፕላይ መብራቱን ያቃጥላል።»

መብራቱ የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው፤ የሚያቃጥለው ያልተስማማ ቮልት ነው። ፍርሃቱ ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም፤ ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ ትልቁ ፓወር ሰፕላይ ቀጭኑን ሽቦ እስኪቀልጥ ሊያግለው ይችላል። በመስመሩ መነሻ ላይ ፊውዝ (ኤሌክትሪኩ ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ) አስገቡ።

«ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ አደጋ የለውም።»

የመብራቱ ትንሽ ነው። እዚያው ሳጥን ውስጥ ግን 220 ቮልት አለ፤ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ስክሪኑ ጀርባው የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን ከሆነ መንቀል ብቻ አይበቃም፤ ቱቦው ከጠፋም በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል የኋላ ክዳኑን ለቴሌቪዥን ጠጋኝ ተዉለት።