ከባህር ዳር ወደ ውጭ አገር ለትምህርትና ለሥራ ለሚሄዱ የሚያስፈልጉ ሰነዶችና የቪዛ ሂደት

ባህር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ የተቆረቆረች የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህ ርቀት ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ ለሚሄድ የከተማዋ ነዋሪ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኤምባሲዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ሲሆን ለኤምባሲ የሚቀርቡት ወረቀቶች ግን የሚጀምሩት ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መስኮት ነው። ቪዛ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ የመጨረሻ ወረቀት ብቻ ነው። ዋናው ድካም ያለው ከዚያ በፊት፣ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በተለያየ ዘመን ስለ አንድ ሰው የጻፏቸውን ሰነዶች በስም፣ በዕድሜና በገንዘብ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ በማድረግ ላይ ነው።

ከከተማዋ ወደ ውጭ ከሚሄዱት መካከል ብዙዎቹ ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውን የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትና እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተውን የመምህራን ማሠልጠኛ (ፔዳጎጂ) አካዳሚ በማዋሐድ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ የከተማው ሰው ግቢዎቹን እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ይጠራቸዋል። ከተመራቂዎቹና ከመምህራኑ ብዙዎቹ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱት የትምህርት ዕድል በሚሰጡ መርሐ ግብሮች በኩል ነው፤ የቻይና መንግሥት፣ የሃንጋሪው «ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም»፣ የቱርክ መንግሥት፣ የጀርመኑ «ዳአድ» እና የአውሮፓ ኅብረቱ «ኢራስመስ ሙንዱስ» ስማቸው በግቢዎቹ ውስጥ ዘወትር ይነሣል። በራሱ ወይም በቤተሰቡ ወጪ የሚሄደው ተማሪ ሌላ ሸክም አለበት፤ እርሱ ኋላ ይነሣል።

የመጀመሪያው ሰነድ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ በመሆኑ፣ ዛሬ ቪዛ ከሚጠይቁት ወጣቶች አብዛኞቹ በተወለዱ ጊዜ አልተመዘገቡም፤ ወረቀቱን የሚያወጡት ካደጉ በኋላ፣ በቀበሌ መታወቂያ ወይም በክርስትና ወረቀት መነሻነት ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ጳጉሜን 3 ቀን 1994 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ መስከረም ገና ሳይጠባ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2002 ተወለደች ማለት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ጸሐፊ ወሩን ሳይቀይር «3/13» ብሎ ይጽፈዋል፣ ሌላው በዓመቱ ላይ በግምት ሰባት ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው ጳጉሜን የምትባል ወር በኮምፒዩተሩ ቅጽ ላይ ስላጣ ወደ መስከረም 1 ያዛውራታል። በዚህ መንገድ አንዲት ልጅ በሦስት ወረቀት ሦስት ልደት ታገኛለች።

ስምም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትሎ የሚጻፍ እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል የለውም፤ የውጭ አገር ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ግድ ይላል። አያቱ ወልደ ጊዮርጊስ የሆነ ተማሪ በ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ ስሙ በአንድ ቃል፣ በዲግሪው ላይ በሁለት ቃል፣ በፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በሌላ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ለአማርኛ አንባቢ ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ለቪዛ መርማሪው ግን ሦስት ናቸው። ስለዚህ የሚበጀው በመጀመሪያ ፓስፖርቱን ማውጣት፣ ከዚያም በኋላ የሚወጡትን ወረቀቶች ሁሉ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ማስጻፍ ነው። አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥርም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከተደነገገ ወዲህ በመንግሥት አገልግሎቶች በብዛት ስለሚጠየቅ፣ እርሱም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ፓስፖርቱን የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሲሆን ማመልከቻውም በኢንተርኔት ይሞላል፤ አብዛኞቹ ኤምባሲዎች ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ የቀረው እንዲሆን ይፈልጋሉ።

የትምህርት ማስረጃ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። ተመራቂ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ በእጁ የሚይዘው «ስቱደንት ኮፒ» የሚባለውን የውጤት ወረቀትና «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው የወጪ መጋራት ዕዳ ሲከፈል ነው፤ በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 91 በተጀመረው ሥርዓት መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉን፣ ከምግቡና ከመኝታው ጋር፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እየከፈለ ይመልሳል። ወደ ውጭ የሚሄደው ግን ከደመወዝ እስኪቆረጥለት የሚጠብቅበት ጊዜ ስለሌለው ዕዳውን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት፣ ይዞ ይመለሳል።

«ኦፊሻል ትራንስክሪፕት» ደግሞ ለባለቤቱ ተገልጦ የሚሰጥ ወረቀት አይደለም። ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕቱን በፖስታ አሽጎ፣ ማኅተሙን ግማሹ በመዝጊያው ክዳን፣ ግማሹ በፖስታው ገላ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይመታዋል፤ ክዳኑ ከተነሣ የማኅተሙ ክብ ስለሚሰበር መከፈቱ ይታወቃል። «ውጤቴ በትክክል መጻፉን ልይ» ብሎ በመናኸሪያ ወንበር ላይ ፖስታውን የከፈተ ተማሪ እንደገና ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሰነዱ በመንግሥት እንዲረጋገጥ ከጠየቀ ወረቀቱ በሚመለከተው የትምህርት መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም በኤምባሲው ማኅተም ይደረግበታል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አንዱ የሌላውን ማኅተም ሳያይ አይፈርምም።

የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። አይኤልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ በፈተናው ምትክ ይቀበላሉ። ከቤት ሆኖ የሚፈተኑት የዱኦሊንጎ ፈተናም ይመረጣል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ መሐል ላይ ከጠፋ ግን ፈተናው ይቋረጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው በሚሄዱበት አገር ይወሰናል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ ከተቀበለው ትምህርት ቤት «አይ-20» የተባለውን ቅጽ ይቀበላል፣ የተማሪዎች መከታተያ ለሆነው «ሴቪስ» 350 ዶላር ይከፍላል፣ «ዲኤስ-160» የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላል፣ «ኤፍ-1» ለተባለው የተማሪ ቪዛም ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። የሴቪሱን ክፍያ ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍልለታል። ወደ ብሪታንያ የሚሄደው ከዩኒቨርሲቲው «ካስ» የሚባል የመቀበያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ግዴታው ነው፣ የምርመራው ወረቀትም የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው። ካናዳ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ የመቀበያ ደብዳቤ በተጨማሪ ከክፍለ ግዛቱ የሚወጣ የማረጋገጫ ደብዳቤ ከብዙ አመልካቾች መጠየቅ ጀምራለች። ወደ ቻይና ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ትምህርት የሚሰጠው «ኤክስ-1» ቪዛ ነው፤ ተማሪው ከገባ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ወደ ሕንድ የሚጓዝ ከኢትዮጵያ ስለሚነሣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዞ መሄድ አለበት፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ ይገባዋል።

በራሱ ወጪ ለሚሄድ ተማሪ ከሁሉ የከበደው የገንዘብ ማስረጃ ነው። ጀርመን ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ የባንክ ሒሳብ ተቀምጦ በየወሩ 992 ዩሮ እንዲወጣ ትጠይቃለች፤ ብሪታንያ ገንዘቡ ለተከታታይ 28 ቀናት በሒሳቡ ላይ መቀመጡን ታያለች። ይህ ሥርዓት የተሠራው ሀብቱን በባንክ ለሚያስቀምጥ ሰው ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርት፣ ከብት የሚያረባ አባት ድሃ አይደለም፤ ሀብቱ ግን ያለው በጎተራና በበረት ነው። ሩዙ ታጭዶ ሲሸጥ ገንዘቡ በአንድ ሳምንት ባንክ ይገባል፣ መርማሪውም የስድስት ወሩን ስቴትመንት (የባንክ ሒሳብ መግለጫ) ሲያገላብጥ ለወራት ባዶ የነበረ ሒሳብ በድንገት ሲሞላ ያያል፤ ከሰው የተዋሰው እንደሆነ ይጠረጥራል። ስለዚህ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና የቤት ካርታ ከስቴትመንቱ ጋር ማያያዝ ይጠቅማል።

የምንዛሪውም ነገር አለ። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 600,000 ብር ይዞ ከ10,000 ዶላር በላይ አለኝ ይል የነበረ ቤተሰብ፣ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ማስረጃው ከ6,000 ዶላር በታች ወረደበት።

ቀጠሮና ቃለ መጠይቅ ከባህር ዳር ለሚሄድ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢንተርኔት የሚያዝ ቀጠሮ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጻፍ «8:00» ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ከምሳ በኋላ የደረሰ ሰው ቀጠሮው አልፎበታል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በመቋረጡ፣ መንገዱም በመዘጋጋቱ፣ ቅጽ ለመሙላት ብቻ አውሮፕላን ተሳፍረው አዲስ አበባ የወረዱ ነበሩ። በአሜሪካ ኤምባሲ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚከለከሉበት ምክንያት የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 214 (ቢ) ነው፤ ይህም አመልካቹ ትምህርቱን ጨርሶ እንደሚመለስ መርማሪውን አላሳመነም ማለት ነው። ቃለ መጠይቁ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚወስድ፣ በእኔ ግምት፣ የተሸመደደ መልስ ከቀላልና ከእውነተኛ መልስ ይልቅ ይጎዳል፤ ምን እንደሚያጠና፣ ማን እንደሚከፍልለትና ሲመለስ ምን እንደሚሠራ በራሱ አነጋገር መናገር የማይችል ሰው ወረቀቱ ቢሟላም አያድነውም።

ሥራን በተመለከተ የተማሪ ቪዛ የሥራ ቪዛ አይደለም። አሜሪካ በትምህርት ወቅት በግቢ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ካናዳ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ከግቢ ውጭ 24 ሰዓት፣ ጀርመን ደግሞ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ትፈቅዳለች። ለሥራ ብቻ የሚሄድ ሰው የሚመራው በሌላ ሕግ፣ በ2013 ዓ.ም. በተሻሻለው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በዚህ መሠረት ሠራተኛው ፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውንና የሰነድ ማረጋገጫውን ይከፍላል፣ የመግቢያ ቪዛውና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ ግን የአሠሪው ነው። የቪዛ ዋጋ ከሠራተኛው የሚጠይቅ ደላላ ሕጉን ጥሶ እየጠየቀ ነው።

ቪዛው ከተገኘ በኋላ ከመሳፈር በፊት የሚቀር አንድ ጉዳይ አለ። ዋናው ዲግሪ ያልወጣለት፣ የወጪ መጋራት ክሊራንሱ ያልተጠናቀቀ ወይም ገና ትራንስክሪፕት የሚያስልክ ተማሪ ለወንድሙ ወይም ለእናቱ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ውክልና ሰጥቶ ይሄዳል። ይህን የረሳ ሰው ውክልናውን በሚገኝበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጽፎ መላክ አለበት፤ ወረቀቱም አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ነው በቤተሰቡ እጅ ወደ ፔዳው መስኮት የሚመለሰው።