ሰሚኮንሰርቫቲቭ ሪፕሊኬሽን ምንድን ነው?

«በከባድ ናይትሮጅን ያደገ ባክቴሪያ ወደ ቀላል ናይትሮጅን ተዛውሮ 3 ጊዜ ቢከፈል፣ ከዲኤንኤው ስንት በመቶው ድብልቅ (አንዱ ክሩ ከባድ፣ ሌላው ቀላል) ይሆናል?» ይህ ጥያቄ ልብሱን እየቀያየረ ፈተና ላይ ይመላለሳል። ቀመር ፍለጋ ሰዓቱን የሚጨርስ ተማሪ አይጠፋም። ክሮቹን መቁጠር ግን በቂ ነው።

ዲኤንኤ ሁለት ክሮች የተጠማዘዙበት ሞለኪውል ነው። ሲባዛ ክሮቹ ይላቀቁና በእያንዳንዱ አሮጌ ክር አብነት አዲስ ክር ይሠራል። ስለዚህ የሚገኙት ሁለት ሞለኪውሎች እያንዳንዳቸው አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ክር አላቸው። ይህ አባዛዝ ሰሚኮንሰርቫቲቭ ሪፕሊኬሽን ይባላል፤ ግማሹ ስለሚጠበቅ ነው «ሰሚ» የተባለው።

ሌሎች ሁለት ግምቶችም ነበሩ። ኮንሰርቫቲቭ የሚባለው አሮጌዎቹ ሁለት ክሮች ተጣምረው ይቀራሉ፣ ቅጂው ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው ይላል። ዲስፐርሲቭ ደግሞ እያንዳንዱን ክር ከአሮጌና ከአዲስ ቁራጭ የተቀጣጠለ ያደርገዋል።

ሳይንቲስቶቹ ሜሰልሰንና ስታል እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ሙከራ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ለ14 ትውልድ በከባዱ ናይትሮጅን (ናይትሮጅን 15) አሳደጉ፤ ከዚያም አዲሶቹ ክሮች ቀላል እንዲሆኑ ወደ ቀላሉ (ናይትሮጅን 14) አዛወሩት። ዲኤንኤውን ሲዚየም ክሎራይድ በተባለ ጨው ብጥብጥ ውስጥ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ሲያሽከረክሩት ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ፣ ድብልቁ መሀል ላይ መስመር ሠራ።

ከአንድ ትውልድ በኋላ የታየው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም መሀል ላይ። በዚህ ኮንሰርቫቲቭ ወደቀ፤ እሱ ትክክል ቢሆን ከባድና ቀላል ሁለት መስመሮች ይታዩ ነበር። ዲስፐርሲቭ ግን ገና አልወደቀም! «ሁለተኛው ትውልድ ለምን አስፈለገ?» ሲባል መልሱ እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ትውልድ እኩል የሆኑ ድብልቅና ቀላል መስመሮች ታዩ። ዲስፐርሲቭ ቢሆን በሁለቱ መካከል አንድ መስመር ብቻ ይገኝ ነበር።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የጀመርነው በ1 ሞለኪውል፣ ማለትም በ2 ከባድ ክሮች ነው። ክሮቹ የትም አይጠፉም፤ ከመጀመሪያው ክፍፍል በኋላ ግን በተለያዩ ሞለኪውሎች ውስጥ ይኖራሉ። ከ3 ትውልድ በኋላ 8 ሞለኪውሎች ይኖራሉ፤ ከነሱ 2ቱ ድብልቅ ናቸው። መልሱ 25 በመቶ ነው። ጥያቄው «ከክሮቹ ስንት በመቶው ከባድ ነው?» ቢል ግን 2 ከ16፣ ማለትም 12.5 በመቶ ይሆናል። ፈታኞች ወጥመዱን የሚያኖሩት ብዙ ጊዜ እዚህች ቃል ላይ ነው።

ጠንከር ያለው ዓይነት ደግሞ ባክቴሪያውን ከ1 ትውልድ በኋላ ወደ ከባዱ ናይትሮጅን ይመልሰዋል። ያኔ የድብልቁ ከባድ ክር ከባድ ጓደኛ ያገኛል፣ ቀላሉም እንዲሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ትውልድ ግማሹ ከባድ፣ ግማሹ ድብልቅ ይሆናል፤ ቀላል መስመር ጭራሽ አይታይም።