ወለድ የሚከፍል ቼኪንግ አካውንት በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ ደሞዝ የሚገባበት፣ የቤት ኪራይና የመብራት የሚከፈልበት ቼኪንግ አካውንት ብዙ ጊዜ ወለድ የለውም፣ ካለውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ አገር አቀፍ አማካዩ ለዓመታት ከ0.1 በመቶ በታች ነው የቆየው። ግን ሪዋርድስ ቼኪንግ የሚባል አይነትም አለ፣ ትናንሽ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች (ባለቤቶቹ ራሳቸው አባላቱ የሆኑ የቁጠባና ብድር ማህበራት) ናቸው የሚያቀርቡት፣ 4 እና 5 በመቶ የሚከፍልም ይገኝበታል። ብዙ ሀበሻ መጀመሪያ እንደመጣ ዘመድ ወስዶ ያስከፈተው ትልቅ ባንክ ላይ ስለሚቀር ይሄን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ድሮ ነገሩ በህግ የተከለከለ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የ1933ቱ የባንክ ህግ በቼክ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ላይ ወለድ መክፈልን አገደ፣ ባንኮች በወለድ ደንበኛ ሲሻሙ አደገኛ ብድር ውስጥ ይገባሉ ተብሎ ስለተፈራ ነው። 1972 ላይ ማሳቹሴትስ ዉስተር ያለ አንድ የቁጠባ ባንክ መላ አመጣ፣ ቁጠባ ሆኖ እንደ ቼክ በሚጻፍ የማውጫ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ፣ ናው የተባለ አካውንት። 1980 ላይ ኮንግረስ ለመላው አገር ፈቀደው፣ የንግድ ድርጅቶች ግን ዶድ ፍራንክ የሚባለው የፋይናንስ ማሻሻያ ህግ እገዳውን እስኪያነሳላቸው እስከ 2011 ጠብቀዋል።

ትንሽ ባንክ ይሄን ያህል ከየት አምጥቶ ይከፍላል ለሚለው መልሱ ዴቢት ካርዱ ጋር ነው። ካርዱን ሱቅ ውስጥ በተጠቀምን ቁጥር ሻጩ ለካርዱ ባንክ ኢንተርቼንጅ የሚባል ክፍያ ይከፍላል። ሀብታቸው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ባንኮች ከ2011 ጀምሮ ጣሪያ ተደርጎባቸዋል፣ በ40 ዶላር ግዢ ላይ ቢበዛ 24 ሳንቲም ገደማ ነው የሚያገኙት፣ ትንንሾቹን ግን ጣሪያው አይነካቸውም። ስለዚህ ካርዱ በደንብ እንዲሰራላቸው ይፈልጋሉ፣ ወለዱም የሚመጣው ከዛው ነው።

ለዛም ነው ቅድመ ሁኔታው የሚበዛው፦ በወር 10 ወይም 15 ጊዜ በዴቢት መግዛት፣ ደሞዝ በዳይሬክት ዲፖዚት ማስገባት፣ ስቴትመንት በኢሜይል መቀበል ምናምን። ኤቲኤም ላይ ማውጣትና በዜል (ከሰው ወደ ሰው በስልክ ገንዘብ መላኪያ) መላክ ብዙ ቦታ አይቆጠርም፣ ደግሞ ግዢው ፖስት መደረግ፣ ማለትም ሂሳቡ ላይ ተጠናቆ መመዝገብ አለበት፣ በወሩ መጨረሻ ቀን ነዳጅ ቀድተህ ፔንዲንግ (ገና ያልተጠናቀቀ) ላይ ካደረ ለሚቀጥለው ወር ሊያልፍብህ ይችላል። አንዷ ስትጎድል የወሩ ወለድ ወደ ታችኛው ተመን ይወርዳል፣ 5 በመቶ በሚከፍል አካውንት ላይ 10,000 ዶላር ላለው ሰው ይሄ በአንድ ወር ወደ 40 ዶላር ማጣት ነው። ትልቁ ወለድ የሚከፈለውም እስከተወሰነ መጠን ብቻ ነው፣ ጣሪያው 10,000 ከሆነ በዓመት ቢበዛ 500 ዶላር አካባቢ ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ከፐርሰንቱ በፊት ጣሪያውን ማየት ይሻላል እላለሁ። 2 በመቶ ካሽ ባክ (ከግዢው ተመላሽ) የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ትልልቁን ግዢ በሱ ላይ ትቶ ትንንሹን፣ ቡናና ፓርኪንጉን፣ በዴቢት ቢከፍል ነው የሚያዋጣው።

ባንክ ከሆነ ኤፍዲአይሲ፣ ክሬዲት ዩኒየን ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤንሲዩኤ የሚባሉት የፌደራል መንግስት መስሪያ ቤቶች ለተቀማጩ ገንዘብ እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ዋስትና ይሰጣሉ፣ ትንሽ ባንክ ነው ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ወለዱ ታክስ አለው፣ በዓመት 10 ዶላር ከደረሰ ባንኩ 1099 ኢንት የሚባል ፎርም ይልካል፣ ከዛ በታች ቢሆንና ፎርም ባይመጣም ታክስ ሲሰራ መግባት አለበት።