«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ አባባሉና የአስተማሪዎቻችን ቅጽል ስም

ትዕግሥት የምትባል ነርስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህባት የዋለውን በሽተኛ እንደ ሕፃን ስታባብል ያየ ሰው ስሟን ሲሰማ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። ፈጠነ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር መታጠፊያው ላይ ተሳፋሪውን አንዱን ባንዱ ላይ ሲከምርም ይኸው አባባል ከኋላ ወንበር ይሰማል፤ ያኔ ግን ምስጋና አይደለም። ቸርነት የሚባል ጎረቤት እፍኝ ጨው ሲከለክል ደግሞ ይገለበጣል፤ «የሱ ጊዜ መልአኩ ቤት ተሳስቷል» ይባላል። ፍሬ ነገሩ፣ ስምና ባለቤቱ ሲገጥሙ አጋጣሚ አይደለም የሚል ነው። አባት ያውጣው፣ አያት ታውጣው፣ ሰው አፉን ብቻ ነው ያዋሰው።

እኔ አባባሉን ልብ ብዬ የሰማሁት ክርስትና ቤት አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነው። የሒሳብ አስተማሪያችን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስም ወጣላቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስሙን በሹክሹክታ ሲነግረኝ ሳቄን ለማፈን የሹራቤን እጅጌ ነከስኩ። «ማን አወጣው?» ስለው «እኔ እንጃ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል» አለኝ። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የመልአኩን ነገር እንጨርስ።

የአባባሉን ሥር ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ገና ላልተወለደ ልጅ ስም ይዞ የሚመጣ መልአክ አለ። አጋር ከእመቤቷ ሸሽታ ምድረ በዳ ላይ፣ ውኃ ምንጭ አጠገብ ሳለች፣ የምትወልደው ልጅ እስማኤል እንደሚባል የነገራት መልአክ ነው። ለድንግል ማርያም የልጇን ስም የነገራት ገብርኤል ነው። ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን የዘካርያስ ነገር ነው። ገብርኤል «ዮሐንስ ትለዋለህ» ብሎት፣ ባለማመኑ አንደበቱ ተዘጋ። ልጁ ተወልዶ በስምንተኛው ቀን ዘመድ ተሰብስቦ «እንደ አባቱ ዘካርያስ ይባል» ሲል እናትየው እምቢ አለች። «ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም» ብለው ወደ አባትየው ዞሩ። እሱም የሚጽፍበት ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ወዲያው አፉ ተከፈተ። ዘመድ ወዝማድ ያወጣው ስም ቀርቶ መልአክ ያወጣው ጸና ማለት ነው። ይህን በየዓመቱ ሲነበብ የሚሰማ ሕዝብ፣ ወንዱን በ40 ቀን ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና እያስነሳ ሁለተኛ ስም የሚያሰጥ ሕዝብ፣ እንዲህ ያለ አባባል ባይፈጥር ነበር የሚገርመው።

የቤተ ክህነት ሰዎች በግዕዝ የሚሉትም አለ፦ «ስም ይመርሆ ኀበ ግብሩ»፤ ስም ባለቤቱን ወደ ግብሩ ይመራዋል። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጠቅሳቸዋል፤ እኔ ግን ልዩነት ይታየኛል። በግዕዙ ስሙ ይቀድማል፣ ሰውየው ይከተላል። አማርኛው ማን እንደቀደመ አይናገርም፤ ገጠሙ፣ በቃ። ለቅጽል ስም የተመቸውም ለዚህ ይመስለኛል፤ የክርስትና ስም ሰው ሳይታይ ይወጣል፣ ቅጽል ስም ግን በደንብ ከታየ በኋላ ነው።

ግሡንም ልብ በሉት። በአማርኛ ስም «ይወጣል» እንጂ አይፈጠርም፤ ስውር ቦታ ተቀምጦ የኖረ ነገር ይመስል። ከዚያ ደግሞ አወጣጡ ሁለት ነው። «ስም አወጣለት» ካልን ልጅ ተወልዷል፣ ገንፎ ተገንፍቷል። «ስም አወጣበት» ካልን ሰውየው ተደፍቷል። አንዲት «ለ» ወደ «በ» ስትለወጥ ነገሩ ከክርስትና ወደ ሐሜት ይዞራል። አባባላችን ግን ሁለቱንም ትቶ «ያወጣዋል» ብሎ ያልፋል፤ ለሰውየው ይሁን በሰውየው ላይ አልለየም። የአስተማሪ ቅጽል ስም የሚኖረው እዚህች መካከል ላይ ነው።

ለነገሩ ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። አገሩ ሁሉ በፈረስ ስሙ የሚጠራ መኳንንት ነበረን። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ ይባሉ ነበር፤ መላ የማያጡ ሰው ስለነበሩ ስሙና ባለቤቱ እንደ እጅና ጓንት ገጠሙ። የራስ መኮንን አባ ቃኘው ደግሞ ባለቤቱ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ኮሪያ ድረስ የዘመተው ሻለቃ መጠሪያ ሆነ።

ትምህርት ቤት ስንገባ የመጀመሪያው ቅጽል ስም ራሱ «የኔታ» ነው፤ «የኔ ጌታ» ሲፋጠን የወጣ። ፊደል ያስቆጠሩትን ሰው የመዝገብ ስም የሚያውቅ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስንት ይሆናል? የኔታ የኔታ ናቸው፤ አለንጋቸውም የኔታ ነው።

እዚያው የአብነት ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ «አራት ዓይና» የሚባል ማዕረግ አለ። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ አራቱን የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያት ጠንቅቆ ለሚያውቅ መምህር ነው የሚሰጠው፤ አራት ዓይና ጎሹ በዚህ ስም ዛሬም ይጠራሉ። እንግዲህ ይህ ቃል ነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲገባ መነጽር ባደረገ ሰው ሁሉ ላይ የተለጠፈው። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ወፍራም መነጽር ነበራቸውና «አራት ዓይና» ተባሉ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ሳለ ከኋላ አንዱ አመለጠውና ጮክ አለ። እሳቸው ሳይዞሩ «ማዕረጉ ገና አልደረሰኝም፤ ብሉይን አልጨረስኩም» ብለው የአሜባቸውን ሥዕል ቀጠሉ። ቀልዱ የገባው አንድ ዲያቆን ተማሪ ብቻ ነበር፤ እሱ ሲስቅ ሁላችንም ተከትለን ሳቅን። ትርጉሙን በዕረፍት ሰዓት ሲያስረዳን ግን ትንሽ አፈርን።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ሲከፈት ያስተማሩት የግብፅ ኮፕቶች ነበሩ። ኋላም ሕንዶች መጡ፤ ከ1962 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች እስከ ትንንሽ ከተሞች ዘለቁ። አባቴ የኬረላው ሕንድ አስተማሪያቸውን ሲያነሳ ዛሬም ሳቁ ይቀድመዋል። ሰውየው ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዙ ተማሪው መልሱን አገኘሁ ይበል ሳትኩ ይበል ግራ ይገባው ነበርና «እሺ-እምቢ» ብለው ሰየሟቸው። አባቴ የሳቸውን እውነተኛ ስም አንድም ቀን ሊነግረኝ አልቻለም። ያስተማሩትን ቀመር ግን በቃሉ ይወጣዋል።

ወደ እኛ ልምጣ። ዩኒት ሊደራችን የጎማ ጫማ ነበር የሚያደርጉት። ድምፅ የላቸውም፤ ክፍሉ ሲያውካካ ቀና ስትል በሩ ላይ ቆመዋል። ስለዚህ «ኮቴ ቢስ» ተባሉ። በአማርኛ ኮቴ ቢስ ማለት መምጣቱ መጥፎ ዕድል የሚያስከትል ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሳቸው ግን ኮቴያቸው ራሱ የለም፣ መምጣታቸውም ደግ አይደለም። ቃሉ ሁለት ጊዜ ሠራ። ይህን ያወጣውን ልጅ ማንም አላወቀውም፤ ቢታወቅም በኮቴ ቢስ እጅ አንድ ሳምንት ተንበርክኮ ይከርም ነበር።

ሁለት የጂኦግራፊ አስተማሪዎች ነበሩን። አንደኛው በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ፣ ረዥም ዝምተኛ፤ ራስ ዳሽን። መማሪያ መጽሐፋችን 4,620 ሜትር ይል ነበር፤ ሰውየው እሱን ለመሙላት ብዙም የሚቀራቸው አይመስለንም። ሁለተኛዋ መምህርት ከትከሻቸው በታች ነበሩ፤ ዳሎል ተባሉ፣ ከባሕር ጠለል በታች የሆነችው። ቁመታቸውን ብቻ ዐይተን ነበር ያወጣነው። ሁለተኛው ወር ላይ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ ሲገጥማቸው ዳሎል በሙቀቷም የታወቀች መሆኗን አስታወስን።

ሁሉም ስም ግን መልአክ አላወጣውም። በአንድ እግራቸው የሚያነክሱ አስተማሪ ነበሩ፤ በእግራቸው የወጣባቸውን ስም እዚህ አልጽፈውም። እኔም ጠርቼበታለሁ። ከዓመታት በኋላ የቀድሞ ተማሪዎች ስንገናኝ የሌሎቹን ሁሉ እየተቀባበልን እየሳቅን፣ የሳቸው ላይ ስንደርስ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ያንን ስም ያወጣውን አካል መልአክ ካልነው የወደቀው ወገን መሆን አለበት።

ከእኛ በኋላ የመጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠማቸው። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ትምህርቱ በፕላዝማ ሲሆን፣ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚያስተምሩት ሰዎች አይሰሙ፣ አይናደዱ፣ ጠመኔ አይወረውሩ። የማይናደድ ሰው ላይ ስም አይጸናም። ስሙ ክፍል ውስጥ ቆሞ በቀረው አስተማሪ ላይ አረፈ፤ ታናሽ እህቴ አንዱን «ሪሞት» ይሉት እንደነበር ነግራኛለች። ይሄ ያሳዝናል፤ ግን አልተሳሳቱም።

አሁን የሒሳቡ አስተማሪ። በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር በጨረሱ ቁጥር ጠመኔውን ሦስት ጊዜ ጠቅ ያደርጋሉ፤ አንድ ከላይ፣ ሁለት ከታች። ምልክቷ በሒሳብ «ስለዚህ» ማለት ናት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እሷ ላይ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ይመለሱና «ስለዚህ!» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አዲስ ነገር ሊመጣ እንደሆነ ሁሉ። ከሒሳብ ውጭም እንዲሁ ናቸው። አርፋጅ በር ላይ ሲያገኙ አይቆጡም። «ትናንት አርፍደሃል። ዛሬም አርፍደሃል። ስለዚህ…» ብለው ዝም። ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱትም። ልጁ ራሱ ጨርሶት ይወጣል፤ ጥጉ ጋ ሄዶ ይንበረከካል። የወጣላቸው ስም ያው «ስለዚህ» ነው፤ «ስለዚህ መጡ!»፣ «ስለዚህ ፈተና ሰጡ?»፣ «የስለዚህን የቤት ሥራ ሠራህ?»

አምና የክፍላችን ልጆች በቴሌግራም ተሰባሰብን፤ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ጥቂቱ ቨርጂኒያ፣ አንዷ ዱባይ። በሁለተኛው ቀን ከቨርጂኒያ አንዱ «ለመሆኑ ስለዚህ አሉ?» ብሎ ጻፈ። ማን ማለትህ ነው ያለ የለም። ሠላሳ ሰው «በሕይወት አሉ?»፣ «የት ናቸው?» ሲል ዋለ። ፈልጋቸው ተባልኩ። እንዴት አድርጌ? እውነተኛ ስማቸውን የጠየቅሁት ሁሉ «አቶ…» ይልና ይቀራል።

በመጨረሻ ያገኘኋቸው ሳልፈልጋቸው ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ጋቢ ደርበዋል፣ ቀኝ እጃቸው ጣቶች ላይ ግን አሁንም ጠመኔ ያለ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። አላወቁኝም፤ የየትኛው ዓመት ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ግን «ከኋላ ዴስክ» አሉኝ። ጓደኞቼ እንደሚፈልጓቸው አወራሁላቸው፤ ስልክዎን ይስጡኝ ጋሼ አልኩ። ቁጥሩን ነገሩኝ፣ መዘገብኩ። ከዚያ ስልኬ ስም ጠየቀኝ። ጣቴ ቆመ። «አቶ…» ብዬ ቀና ስል እያዩኝ ነው።

«ስሜ ጠፋህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እንደው…»

«አምጣው እስቲ።»

ስልኩን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት፤ ፊደል በፊደል፣ በአንድ ጣት፣ ቀስ ብለው ጻፉ። ታክሲው መጣ። ስልኩን መልሰው እጄ ላይ አድርገው ገቡ። ሳየው «ስለዚህ» ይላል፤ ከጎኑ ሦስት ነጥብ።