«ከጆቶ ኦ የባስክ ክብ ነህ»

የጣሊያን ቶስካና ሰዎች ነገር ቶሎ የማይገባውን ሰው እንዲህ ይሉታል። «ኦ» ክቡ የላቲን ፊደል O ነው። ላልለመደው ሙገሳ ይመስላል፤ ስድብ ነው። በቶስካና «ቶንዶ» ክብ ማለት ነው፤ አእምሮው የፈዘዘ ሰውም «ቶንዶ» ይባላል። የእኛው «ድፍን ቅል» መሆኑ ነው።

ጆቶ ዲ ቦንዶኔ እ.ኤ.አ. በ1337 ያረፈ የፍሎረንስ ሠዓሊ ነው። የአባባሉን መነሻ የተረከልን፣ የሠዓሊዎችን ታሪክ በመጽሐፍ የጻፈው ጆርጆ ቫዛሪ ነው። እሱ እንደሚለው፣ የሮማው ጳጳስ ለቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ፈልገው ባለሟላቸውን ላኩ። ሰውየው ሲዬና ላይ ከሠዓሊዎች ናሙና ሰብስቦ ፍሎረንስ ጆቶ ዘንድ ደረሰ። ለጳጳሱ የማሳየው ነገር ስጠኝ አለው። ጆቶ ወረቀት አነሳ፤ ብሩሹን ቀይ ቀለም ነከረ፤ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ እጁን አንዴ አዞረ። ያለ ኮምፓስ እንከን የማይወጣለት ክብ ሆነ።

«በቃ? ሌላ የለም?»

«እሱም ከበቂ በላይ ነው።»

ባለሟሉ የተቀለደበት መስሎት ተናዶ ሄደ። ጳጳሱ ግን ክቡ እንዴት እንደተሠራ ሲነገራቸው ወዲያው ገባቸው፤ ጆቶን አስጠሩት። እንግዲህ አባባሉ የሚወጋው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው።

እውነት ሆኗል? እኔ እጠራጠራለሁ። ቫዛሪ መጽሐፉን ያሳተመው በ1550 ነው፤ ጆቶ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ። ጳጳሱንም ቤኔዲክት 9ኛ ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ጆቶ ከመወለዱ 200 ዓመት ገደማ በፊት ያለፉ ናቸው!

የጆቶን እጅ ለማወቅ ክቡ አያስፈልግም፤ ፓዶቫ ያለው የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት ይበቃል። በ1305 የተባረከ ነው። ሥዕሉ በእርጥብ ልስን ላይ ስለተሠራ፣ ልስኑ ሳይደርቅ መጨረስ ግድ ነበር። ኢያቄምና ሐና በወርቃማው በር ተገናኝተው ሲሳሳሙ ፊታቸው አንድ ይሆናል። ይሁዳ ጌታን ሲስም ደግሞ ቢጫ ካባው ጌታን ሸፍኖ፣ ሁለቱ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ከእሱ በፊት የነበሩ የጣሊያን ሠዓሊዎች ቅዱሳንን እንዲህ ሥጋና ደም አላለበሷቸውም።

ጸሎት ቤቱን ያሠራው ኤንሪኮ ስክሮቬኚ ነው። አባቱ፣ ባለቅኔው ዳንቴ በግጥሙ ሲኦል ያስገባው አራጣ አበዳሪ ነው። ጆቶ በመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ላይ ኤንሪኮን ከጻድቃን ወገን አንበርክኮ፣ የሕንፃውን ምስል ለእመቤታችን እንዲያቀርብ አደረገው። እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ሲኦል ውስጥ፣ አራጣ አበዳሪዎች በገንዘብ ከረጢታቸው ገመድ ተሰቅለዋል።